ሜትር ሳይዘረጋ

እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ዋርሃመር የሚጫወት ሰው ሜትሩን የሚዘረጋው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነበር። መጀመሪያ «እነዚያን ጎብሊኖች እወራለሁ» ይላል፣ ቀጥሎ ይለካል። ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ጭፍራው መሀል ሜዳ ላይ ተገትሮ የጠላትን ምት ይጠብቃል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የወጣው ስምንተኛው እትም ግን ማንም ተጫዋች በፈለገው ጊዜ መለካት ይችላል ብሎ ደነገገ። እኔ የምናፍቀው ጨዋታ ያበቃው በዚያች አጭር አንቀጽ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ዋርሃመር የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ በ1983 ያወጣው የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ነው፤ ደንቡን የጻፉት ብራያን አንሴል፣ ሪቻርድ ሃሊዌልና ሪክ ፕሪስትሊ ናቸው። ኤልፉን፣ ኦርኩን፣ ድንኩን፣ በሁለት እግሩ የሚሄደውን አይጥ ሳይቀር ባለቤቱ ራሱ ገጣጥሞ ቀለም ይቀባዋል። እንደ ቼዝ ካሬ የለውም፤ ርቀት ሁሉ በኢንች ነው። ስለዚህ በዓይን መገመት የሙያው ግማሽ ነበር።

ሰው የሆነ እግረኛ በአንድ ዙር 4 ኢንች ይራመዳል፤ ሲወር እጥፉን፣ 8 ኢንች ይሄዳል። ፈረሱን ጥሩር ያለበሰ ፈረሰኛ 14 ይደርሳል። ወራሪው ቀድሞ ስለሚመታ በግማሽ ኢንች ስህተት ውጊያው ይገለበጣል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መድፉ ነበር። ተኳሹ ጮክ ብሎ «ሃያ ሁለት!» ይላል። ይለካና 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 የተጻፈበትን ልዩ ዳይስ ይጥላል፤ ስድስተኛው ገጽ መክሸፍ ነው፤ መድፉ ራሱ ሊፈነዳም ይችላል። የወጣው ቁጥር ግምቱ ላይ ይደመራል፣ አረሩ መሬት ይነካል፣ ከዚያ ሁለተኛ ዳይስ ተጥሎ ይነጥራል። ስለዚህ ብልህ ተኳሽ ዒላማውን ራሱን አይጠራም፤ ስድስት ስምንት ኢንች አሳጥሮ ጠርቶ አረሩ ነጥሮ ሰልፉን እንዲሰነጥቅ ያደርጋል። ኖቲንግሃም ውስጥ አብሬው እጫወት የነበረ ወዳጄ ሥራው ምንጣፍ ማንጠፍ ነበር፤ የክፍል ስፋት አይቶ መናገር እንጀራው ነው። ጄኔራሌን በእሱ መድፍ ፊት ማቆም ማለት መቅበር ነበር። እኔም በበኩሌ የክንዴን ርዝመት አውቅ ነበርና የማስብ መስዬ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋለሁ። እሱም ያውቃል፤ እንደሚያውቅም አውቃለሁ። ይህ ማታለል ነው አይደለም በሚል ክርክር ስንት ሻይ ቀዝቅዟል!

ስምንተኛው እትም ሜትሩን ፈታና ርቀቱን ለዳይስ ሰጠው። እግረኛው 4 ላይ ሁለት ዳይስ ይደምራል፤ ወረራው ከ6 እስከ 16 ኢንች ሊሆን ነው። ቀድሞ የሚመታውም የወረረው መሆኑ ቀርቶ በተፈጥሮው ቀልጣፋ የሆነው ሆነ። ፊት የወደቀውን ከኋላ ያለው ወዲያው ይተካዋል፤ አሥር ወታደር ጎን ለጎን ያሰለፈ ደግሞ ሦስት ረድፍ ያዋጋል። ጭፍሮች አበጡ፣ የሚገዛውና የሚቀባውም አብሮ አበጠ። ስለ አስማቱ ባልናገር ይሻላል፤ ቀርፋፋ ጭፍራን በአንድ ድግምት ጠራርጎ የሚወስድ ሐምራዊ ፀሐይ ምን የሚባል ጀግንነት ነው?

አዲሱን ደንብ የሚደግፉ ሰዎች ያነሱት ነገር ሐሰት አይደለም። በድሮው ጊዜ ሁለት ሠራዊት ከ8 ኢንች ትንሽ ራቅ ብለው እየተፋጠጡ ማታው ያልቅ ነበር። ዓይኑ የደከመ ሰውም በማያውቀው ኃጢአት ይቀጣ ነበር። ይሁን እንጂ ዳይስ ዕድል እንጂ ችሎታ አይደለም። ወዳጄ ሲያሸንፈኝ በምን እንዳሸነፈኝ አውቅ ነበር፤ በኋላ ግን ሁለታችንም የዳይሱን ፊት ማየት ጀመርን።

በ2015 የጨዋታው ዓለም ራሱ በታሪኩ ውስጥ እንዲጠፋ ተደረገ። ተተኪው ኤጅ ኦፍ ሲግማር አራት ገጽ ደንብና ክብ መቆሚያ ይዞ መጣ። በጥር 2024 ዘ ኦልድ ዎርልድ በሚል ስም አራት ማዕዘኑ መቆሚያና ሰልፉ ተመለሱ፤ እሰየው ብያለሁ። ግምቱ ግን አልተመለሰም፤ ዛሬም እንደልብ ይለካል፣ ወረራም በዳይስ ነው።

ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው እትም መደርደሪያችሁ ላይ ያለ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጣሉት። አራት በስድስት ጫማ ጠረጴዛና አንድ ፈቃደኛ ተቃዋሚ ካገኛችሁ ደንቡ ዛሬም ይሠራል፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።