ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ፎርት ዎርዝ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ካውቦይና የከብት ገበያ ነው። ከተማይቱ ግን በዓለም ፒያኖ ተጫዋቾች ዘንድ የምትታወቅበት ሌላ ነገር አላት። በቴክሳስ ያደገው ቫን ክላይበርን በ1958 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ ሞስኮ ድረስ ሄዶ፣ ያውም በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን፣ የቻይኮቭስኪን ውድድር አሸንፎ ተመለሰ። ከ1962 ጀምሮ በስሙ የተሰየመው ውድድር የሚካሄደው በዚሁ በፎርት ዎርዝ ነው። ለተወዳዳሪዎቹ አዲስ ድርሰት ማስጻፍም የቆየ ልማድ ነው። የ1981ዱን የጻፈው ሊዮናርድ በርንስታይን የ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን ዜማዎች የደረሰ ሰው ነበር። እንግዲህ ሕዝብ የሚያንጎራጉረውን ዜማ የሠራ እጅ ለብቻውን ለሚሰማ ፒያኖም ሊጽፍ ይችላል ማለት ነው። ችግሩ ያለው እንዴት የሚለው ላይ ነው።

ይህ ችግር በዚችው ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ቤት ሰተት ብሎ ገብቷል። ሰውየው በሰርግ ቤት ኪቦርድ ሲጫወት ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል፤ ቅዳሜ ኪቦርዱንና ስፒከሩን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ዳላስ ይነዳል። ስንቱን ሙሽራ አስገብቶ፣ ስንቱን ኬክ አስቆርሶ፣ ስንቱን እንግዳ እስክስታ አስወርዶ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። ዘፋኙ ይሸለማል፤ ግንባሩ ላይ ዶላር ይለጠፍለታል። ኪቦርድ ተጫዋቹን ግን «የሙዚቃው ልጅ» ከማለት በቀር ስሙን የሚጠይቅ የለም።

ፒያኖው ወደ ቤቱ የገባው ለልጁ ተብሎ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ቤት የሚለቅ ጎረቤት «ውሰደው» አለው፤ አራት ጓደኞቹ ተሸክመው ሳሎን አስቀመጡለት። የዚያን ዕለት የተበላው ክትፎ ሲታሰብ በነጻ መጣ ማለትም አይቻል። ልጅቱ ኖታ ተምራ ባኽን ስትለማመድ አባት ከወጥ ቤት ሆኖ ያዳምጥ ነበር። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስና ወደ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እንደምትሄድ ሲታወቅ አንድ ሐሳብ ያዘው። ለሰው ልጅ ሰርግ ይህን ያህል ዓመት ተጫውቶ ለገዛ ልጁ የሚተወው አንዲት ዜማ የለውም። ግጥም ሳይኖራት፣ ዘፋኝ ሳያሻት፣ በፒያኖ ብቻ የምትቆም ድርሰት ሊሠራ ተነሣ።

ሰውየው የሚጫወተው በጆሮው ነው፤ ኖታ አይጽፍም። ስለዚህ እሱ ይጫወታል፣ ልጅቱ ትጽፋለች።

«አባዬ፣ እዚህች ላይ ስንት ነው የምትቆየው?»

«እስኪበቃኝ ነዋ።»

«እስኪበቃህ የሚባል ኖታ የለም።»

«እንግዲያው ዘፋኙ እስኪተነፍስ በይው።»

«ዘፋኝ የለማ!»

በግንቦት መጨረሻ የምረቃው ድግስ ተደገሰ። ምሳው ተበልቶ፣ ቡናው ቀርቦ፣ አባት ፒያኖው ላይ ተቀመጠ። አጀማመሩ የሚያስደንቅ ነበር፤ ጣቶቹ ከላይ እስከ ታች እየሮጡ ልክ እንደ ፈረንጅ ኮንሰርት አደረጉት። እንግዳው ጸጥ ብሎ ጥቂት ደቂቃ አዳመጠ። ከዚያ አንዲት እናት ሲኒያቸውን እንደያዙ፣ ከልባቸው፣ «ልጄ፣ ጥሩ ነው፤ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እሱም ሳቀ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

በእርግጥ በዚህ የተፈተነ እሱ የመጀመሪያው አይደለም። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ኖታ የማያነብ ሰው ነው። በ1991 «ሊቨርፑል ኦራቶሪዮ» የተባለውን ትልቅ ሥራ ሲያቀርብ ካርል ዴቪስ የሚባል የኖታ ሰው አብሮት ሠርቷል። ቢሊ ጆኤል ደግሞ ከ1993ቱ አልበሙ በኋላ የዘፈን አልበሙን ገታ አድርጎ በ2001 በፒያኖ ብቻ የሚጫወቱ ድርሰቶቹን አሳተመ። በልጅነቱ ክላሲካል ፒያኖ የተማረ፣ «ፒያኖ ማን» ተብሎ የሚጠራ ሰው ሆኖ ሳለ በአልበሙ ላይ የተጫወተው እሱ ራሱ ሳይሆን ሪቻርድ ጁ የተባለ የሠለጠነ ፒያኒስት ነው። አልበሙ ተሸጧል፤ በክላሲካል ሙዚቃ ሰንጠረዥም አንደኛ ወጥቷል። የነቃፊዎቹ ቃል ግን ከባድ ነበር፤ ድርሰቶቹ የሾፓንንና የሹማንን ድምፅ ያስታውሳሉ፣ የቢሊ ጆኤል ድምፅ የታለ? አሉ። ጥያቄው ከእኚያ እናት ጥያቄ ብዙም አይርቅም።

የፎርት ዎርዙ ሰው ሲያስበው ነገሩ የጀመረው ከመሣሪያው ነው። በኪቦርድ ላይ በግራ በኩል ድምፅን የምታንሸራትት ትንሽ መሽከርከሪያ አለች። የማሲንቆን ለቅሶ፣ የዘፋኝን እንጉርጉሮ የሚያመጣው በእሷ ነበር። ፒያኖ ይህ የለውም፤ የተመታው ድምፅ እዚያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ችክችካውን የሚመታለት በኪቦርዱ ውስጥ የተጫነው ሪትም ነበር፤ አሁን ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ጭብጨባውም የግራ እጁ ዕዳ ሆነ። ያንን ባዶነት ሊሸፍን ሲል ነው በሩጫና በጩኸት የሞላው። ትዝታን ከደጅ አቁሞ እንግዳ ሰው ወደ ቤት አስገባ።

መልሱን ያገኘው ከራሱ ሰዎች ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስዊዘርላንድና በካይሮ ሙዚቃ ተምረው፣ ከዚያ መንነው የኖሩና በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉ ናቸው። እሳቸው ከዋናው ድምፅ በፊት ፈጠን የሚሉ ትንንሽ ድምፆችን እየነኩ ፒያኖ ሊያንሸራትት የማይችለውን ያስመስሉታል። አያጣድፉትም፤ ሲፈልጉ ያዘገዩታል። ግርማ ይፍራሸዋም ከክራር ተነሥቶ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፊያ ተምሮ፣ «አምባሰል»ን ለፒያኖ ሲደርስ የምዕራቡን ትምህርት ለአገሩ ቅኝት አገልጋይ አደረገው እንጂ ጌታ አላደረገውም።

ለሰውየው ልብ ይበልጥ የቀረበው ግን ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ በአዲስ አበባ ሒልተን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨፍር የኖረ። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ መጥቶ ሲበተን እሱ ዋሽንግተን ቀረና ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አስቀምጦ በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ እስኪደርሰው ይለማመድ ነበር። የ1985ቱ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም አወቀው፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ መዝጊያው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ሆነ። ከበሮውም ቤዙም ወጥተው ሰውየው ከፒያኖው ጋር ብቻውን የቀረበት ነው። ማንንም ለማስደነቅ አይሮጥም። የሚያውቀውን ዜማ በሚያውቀው እጅ ይናገራል፤ ዘፋኙ የት አለ የሚልም የለም፣ የሚያንጎራጉረው እሱ ራሱ ነውና።

አባትየው ክረምቱን ሙሉ በላጲስ ሠራ ማለት ይቻላል። ያንን የሚያስደንቅ መግቢያ ሁለት ገጽ ሙሉ አስጠፋ። «አባዬ፣ እኮ ያማረው እሱ ነው!» ብላ ልጅቱ ተከራከረች። «ያማረው የሰው ነው» አላት። ግራ እጁ ላይ ችክችካውን ቀስ አድርጎ፣ ሩቅ ሰፈር እንዳለ ሰርግ አስቀመጠው። ቀኝ እጁ ደግሞ እናቱ እህል እየለቀሙ የሚያንጎራጉሩትን ያህል ብቻ እንዲናገር ተወው። እኚያ እናት አንድ እሑድ ሲመጡ ሳይነግራቸው ተጫወተው። ምንም አላሉም፤ ግራ እጁን እየተከተሉ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ያደርጉ ነበር።

የቀረው መጨረሻው ነበር። ይህም የሰርግ ቤት ሙዚቀኛ ያልተለማመደው ነገር ነው። ሰርግ ላይ ዘፈን አያልቅም፤ ዘፋኙ በእጁ ምልክት ይሰጣል፣ ወይም ሰው ይደክማል፣ ወይም አዳራሹ ሰዓት ሞላ ይባልና መብራት ይበራል። አባት ሦስት ዓይነት መጨረሻ ሠርቶ ሦስቱንም ጣለ።

በነሐሴ፣ ልጅቱ ልትሄድ አንድ ሌሊት ሲቀራት፣ ሻንጣዎቹ ሳሎን ውስጥ ተደርድረው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጫወተው። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጣቱን አነሣ፤ እግሩን ግን ከፔዳሉ ላይ አላነሣም። ድምፁ በራሱ ጊዜ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ የፍሪጁ ጉርምርምታ ተሰማ።

«ስንት ልበለው?» አለች ልጅቱ እርሳሷን ይዛ።

«ይኸው በቃኝ» አላት።

ሁለቱን የመዝጊያ መስመሮች አሰመረች፤ ከላይ የአባቷን ስም ከነአባቱ ጻፈች። ከዚያም ያልተዘጋ ሻንጣ ነበርና አንዳቸው እየተጫኑ አንዳቸው ሊዘጉት ተነሡ።