ከስሙ በፊት አሠራሩ

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ፣ እኛ ቦሩ ሜዳ የሽጉጥ ነገር ቡና ላይ ሳይነሳ አይቀርም። «የቱ ይሻላል?» ሲባል መልሱ ስም ነው፦ ማካሮቭ፣ ብራውኒንግ፣ ግሎክ። እኔ ግን ከስሙ በፊት አሠራሩን ጠይቁ እላለሁ።

የሩሲያው ማካሮቭ ካዝና 8 ጥይት ይይዛል፤ መጠበቂያው ሲቆለፍ የተወጠረውን መዶሻ ያለ ተኩስ ያወርዳል። ከእሱ የቀደመው ቶካሬቭ ሲፈጠር በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ አልነበረውም። የቤልጂጉ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር 13 ጥይት ይይዛል፤ ካዝናው ከወጣ ምላጩ አይሠራም። ማካሮቭ ግን ካዝናው ወጥቶም በርሜሉ ውስጥ የቀረችውን ጥይት ይተኩሳል። «ካዝናውን አውጥቻለሁ» ብሎ መዘናጋት ሰው የሚያስጨርሰው እዚህ ላይ ነው። የማካሮቭና የብራውኒንግ ጥይትም ሁለቱም 9 ሚሊ ሜትር ይባል እንጂ አንዱ ለሌላው አይሆንም። የኦስትሪያው ግሎክ 17 ደግሞ መጠበቂያው ምላጩ ላይ ነው፤ ምላጩ ከተሳበ ይተኩሳል።

ስለዚህ ለእኔ ጥሩ ሽጉጥ ማለት ባለቤቱ አጥርቶ የሚያውቀው፣ ጥይቱና መለዋወጫው የሚገኝ፣ ከሁሉም በላይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው ነው። ፈቃድ የሌለውን ከሌላው ጋር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ወንድሞቼ፣ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስም ይቅርብን። የወጣች ጥይት የሆነ ቦታ ታርፋለች። ቤት ያለውንም ሽጉጥ ባዶውን፣ ጥይቱን ለብቻ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቆልፉት።