ባሕሩ ሲሸሽ የተጻፉ መጻሕፍት

«ዓሣው ሞቷል፤ ስለ ዓሣው የጻፈውም ሞቷል፤ አንተ ደግሞ ገንዘብህን ልትቀብር ከኋላቸው ትሮጣለህ» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ የገዛሁትን መጽሐፍ አገላብጦ ሲያበቃ። መጽሐፉ ኸርበርት ሄይል በ1927 እና በ1929 በሁለት ክፍል ያወጣው፣ ስለ ደቡብ አውስትራሊያ ሸርጣኖችና ዘመዶቻቸው የሚያወራ ነው። (በዚህ ወግ ውስጥ ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) አደሌይድ ያለው የመንግሥት ማተሚያ ቤት ያተመው፣ ጠርዙ የተበላ፣ ያውም ክፍል አንዱ ብቻ። ወዳጄ ዋጋውን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ቡና ቀዳሁለትና ወሬ ቀየርኩ፤ ሐሳቤ በአንድ ስኒ ቡና የምጨርሰው አልነበረም።

ሐሳቤ ይህ ነው። በአንድ የባሕር መጽሐፍ ውስጥ ቶሎ የሚያረጀው ስሙ፣ ምክሩና ትንቢቱ ነው። «እዚህ ቦታ፣ በዚህ ወር፣ ይህን አየሁ» የሚለው ግን አያረጅም። አዲሱ መጽሐፍ ሲመጣ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠርጎ ያወጣቸዋል። እኔ የምለቅመው የተጠረገውን ነው። ሜልበርን እየኖርኩ፣ ዓሣ ሲባል የሐዋሳ ጥብስ ትዝ የሚለኝ ሰው ሆኜ፣ ይህ ልክፍት ከየት እንደያዘኝ ጠይቃችሁኝ ከሆነ መልስ የለኝም። ልክፍት ምክንያት ካለው ሥራ ይባል ነበር።

በዚህ ገበያ ባለጸጎች የሚሻሙበት ወገን አለ። አየርላንዳዊው ዊሊያም ሄንሪ ሃርቪ ስለ አውስትራሊያ የባሕር አልጌ ከ1858 እስከ 1863 ያወጣው ባለ አምስት ጥራዝ፣ ባለ 300 ሥዕል መጽሐፍ የእነርሱ ነው። ፍሬደሪክ መኮይ ከ1878 እስከ 1890 ድረስ ስለ ቪክቶሪያ እንስሳት በ20 ክፍል ያሳተመውም እንደዚሁ። እነዚህን በመስታወት ውስጥ አይቻቸዋለሁ፤ በቃኝ። የእኔ ወገን ከዓሣ አጥማጅ ጀልባ፣ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ከሟች አያት ጓዳ የሚወጣው ነው። ከውስጡ «ከመዝገብ የተሰረዘ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ሲሆን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ዋጋው ይወርዳላ።

ይሁንና ከባለጸጎቹ ወገን አንዱን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዊሊያም ሳቪል ኬንት በ1893 ለንደን ላይ የአውስትራሊያ የኮራል ክምር ስለሆነው ስለ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ያሳተመው ግዙፍ መጽሐፍ 48 የፎቶግራፍና 16 የቀለም ገጾች አሉት። ሰውዬው በአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች የዓሣ ሀብት ኃላፊ ነበር። ርዕሱ ላይ ራሱ ስለ ሪፉ «ምርቶችና ተስፋዎች» እንደሚጽፍ ያስታውቃል። ስለ ሉል ዛጎል፣ ስለ ኦይስተር፣ ደርቆ ቻይናውያን ለሾርባ ስለሚገዙት የባሕር ወለል ፍጡር፣ ምኑ ስንት እንደሚያወጣ ቆጥሮ የጻፈ ሰው ነው። ዛሬ የተፈጥሮ ውበት መዝሙር አድርገው ሲያነቡት እስቃለሁ። መንግሥትና ነጋዴ እንዲያነቡት የተጻፈ የሀብት ቆጠራ ነበር።

ታዲያ ይህ ቆጣሪ ባሕሩ እጅግ የሚሸሽበትን ቀን ጠብቆ፣ ኮራሉ ከውኃ በላይ ብቅ ባለበት ጥቂት ሰዓት ውስጥ ካሜራውን ተክሎ ያነሳው ፎቶግራፍ ነው ዘመኑን የተሻገረው። ቦወን ከተማ አጠገብ ስቶን ደሴት ላይ በ1890 ገደማ የተነሳውን ሥዕል ይዘው በ1994 ወደዚያው የሄዱ ሰዎች፣ በሥዕሉ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየውን ኮራል በቦታው አላገኙትም። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ደርቷል፤ የአንድ ጥግ ፎቶግራፍ ለአካባቢው ሁሉ ይመሰክራል ወይ ነው ጥያቄው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የኋላ ተመራማሪዎችም ተመልሰው ሄደው ፈትሸዋል። በ2016 እና በ2017 በተከታታይ በመጣው ሙቀት ደግሞ ከሪፉ ጥልቀት የሌለው ውኃ ኮራል ግማሹ ገደማ እንደሞተ ሳይንቲስቶች ለክተዋል። መለካት የቻሉት በፊት የታየ ነገር ተመዝግቦ ስለቆየ ነው። የሳቪል ኬንት የዋጋ ቆጠራ አርጅቷል፤ ካሜራው ግን ያየውን ይዞ ቀረ።

የቤተሰቡ ታሪክ መጽሐፉን ለሚሰበስቡት ሌላ ማማለያ ነው። በ1860 እንግሊዝ አገር ገና አራት ዓመት ያልሞላው ወንድሙ በቤታቸው ግቢ ተገድሎ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ እኅቱ ኮንስታንስ «እኔ ነኝ» ብላ ሃያ ዓመት ታሰረች። ስትፈታ ወደ አውስትራሊያ ሄዳ፣ ስሟን ለውጣ፣ ነርስ ሆና ኖረች፤ በ1944 በመቶ ዓመቷ ሲድኒ ውስጥ ሞተች። ዊሊያም ራሱ በ1908 እንግሊዝ አገር ሲቀበር መቃብሩን በኮራል አስጌጡለት። ሻጮች ይህን ታሪክ ሲነግሩ ዋጋው በዚያው ይጨምራል፤ እኔ ደግሞ ይኸው በነጻ ነገርኳችሁ።

በነጻ ስል አንድ ነገር ልናገር። ይህን የ1893 መጽሐፍ ለማንበብ መቶ ዶላርም አያስፈልግም፤ ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ገጹን ሁሉ ስካን አድርጎ አስቀምጦታል። አዲስ አበባም ሆኖ ዛሬ ማታ በስልክ ማየት ይቻላል። በእውነት የጠፉት ከዚያ ወዲህ ያሉት ናቸው። የአውስትራሊያ ሕግ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው በ2005 ስለሆነ ከ1955 በፊት የሞቱት ደራስያን ሥራ ነጻ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የሞቱት ተቆለፈባቸው። ቲዮዶር ራፍሊ በ1936 ስለ ሪፉ ድንቆች የጻፈው መጽሐፍ በጊዜው ብዙ ሰው እጅ የገባ ነበር። ደራሲው በ1961 ስለሞተ እስከ 2031 መጨረሻ ድረስ እንደተቆለፈ ነው። አሳታሚው ደግሜ አላትመውም ቢል ሌላው እንዳያትመው ሕግ ይከለክላል። የ1893ቱ ለሁሉም ተከፍቶ የ1936ቱ በየጋራዡ ሲሻግት ሳይ፣ ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ትርፉ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ኅትመቱ በቆመና መብቱ ባለቀ መካከል ያለውን ዘመን መጽሐፉን በደረቅ ቦታ አኑሮ ያሻግራል።

ከእነዚህ ከተቆለፉት ሁሉ የምወደው በ1952 የወጣው «የአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻዎች» ነው። ሽፋኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው የፕሮፌሰር ዊሊያም ዴኪን ስም ነው። ዴኪን በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ መምህር ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገሪቱን ከጠላት አውሮፕላን ዓይን የመሰወር ሥራ የቴክኒክ ኃላፊ ነበር። የባሕር እንስሳትን ሲያጠና የኖረ ሰው ለዚህ ቢመረጥ አይገርምም። ነገር ግን መጽሐፉ ሳይታተም በ1950 ሞተ። ከዳር ያደረሱት ኢዞቤል ቤኔትና ኤልሳቤጥ ፖፕ ናቸው።

ኢዞቤል ቤኔት በ16 ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ ሥራ የገባች ልጅ ነበረች። በ1932 በአንድ የመዝናኛ መርከብ ላይ ከዴኪን ቤተሰብ ጋር ተዋወቀች። በተከታዩ ዓመት ፕሮፌሰሩ በረዳትነት ቀጠራት፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ለድንጋይ፣ ባሕሩ ሲሸሽ እየጠበቀች አገሪቱን ዞረች። በ1959 ወደ ደቡቡ ውቅያኖስ፣ ወደ ማኳሪ ደሴት፣ ከአውስትራሊያ የምርምር ጉዞ ጋር ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ አራት ሴቶች አንዷ ሆነች። ዲግሪ ለሌላት ለዚህች ሴት በ1962 ዩኒቨርሲቲው የክብር ማስተርስ ሰጣት። መጽሐፉን በ1987 እንደገና አድሳ ስታወጣ የመምህሯን ስም ከርዕሱ ላይ አላወረደችም። እኔ ብሆን አወርደው ነበር፤ ቢያንስ የራሴን አጠገቡ በእኩል ፊደል አስቀምጥ ነበር። በ2008፣ በ98 ዓመቷ አረፈች። የተባባሪ ደራሲ መብት ከሁሉ በኋላ ከሞተው ነውና የሚቆጠረው፣ ይህ መጽሐፍ እስከ 2078 መጨረሻ ነጻ አይሆንም ማለት ነው። በዕድሜዋ ርዝመት ለአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሳታስበው ውለታ ዋለች።

በነገራችን ላይ ይህን መደርደሪያ የሞሉት ሴቶች ናቸው። በ1950 «የአውስትራሊያ ዛጎሎች»ን የጻፈችው ጆይስ አለን የአውስትራሊያ ሙዚየም ባለሙያ ነበረች። ከማኳሪ አራት ሴቶች አንዷ የሆነችው ሆፕ መክፈርሰን ደግሞ በ1962 ከቻርልስ ገብርኤል ጋር የቪክቶሪያን የባሕር ቀንድ አውጣዎችና ዛጎሎች መጽሐፍ አወጣች። ወንዶቹ ፕሮፌሰርና ኮሚሽነር ሲባሉ እነርሱ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃ ውስጥ ቆመው ይቆጥሩ ነበር።

ወንዶቹን ሁሉ ግን አላማም። ዴቪድ ስቴድ በ1957 ሲሞት ስለ ሻርኮች የጻፈው ገና አልታተመም ነበር፤ በ1963 ወጣ። በዚያ ውስጥ ፖርት ስቲቨንስ በሚባል ቦታ በ1918 የነበሩ ዓሣ አጥማጆች አንድ ግዙፍ ሻርክ ወጥመዳቸውን ከነገመዱ ስለወሰደባቸው ወደ ባሕር አንወጣም ማለታቸውን ይተርካል። ስንት ይሆናል ተብለው ሲጠየቁ ከቆሙበት የጀልባ መድረክ ጋር አስተካከሉት፤ 115 ጫማ ገደማ፣ 35 ሜትር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሻርክ የለም። ስቴድ ግን አልሳቀባቸውም፤ የሰማውን እንደሰማው ጻፈ። አዲሶቹ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ገጽ መጀመሪያ ነው የሚቆርጡት። ልጁ ክርስቲና ስቴድ ደግሞ በ1940 ባሳተመችው ልብ ወለድ፣ ተፈጥሮን ሲሰብክ ውሎ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ አባት ሣለች፤ መነሻው ማን እንደሆነ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። የአባት መጽሐፍ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ገባ፤ የልጅ ልብ ወለድ ዛሬም አዲስ ሆኖ ይሸጣል።

ስሙ ቶሎ ያረጃል ያልኩት ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በምሥራቅ አውስትራሊያ ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ጥቁር ቀንድ አውጣ አለ። የድሮዎቹ መጻሕፍት «ሜላኖትራገስ» ይሉታል። በኋላ የመጡት ሊቃውንት ከምዕራብ አውስትራሊያው ዘመዱ ጋር አንድ አድርገው «አትራሜንቶሳ» አሉት፤ የድሮዎቹም መጻሕፍት ተሳሳቱ ተባለ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የዘረመል ጥናት ሁለቱን ለያይቶ የምሥራቁን ወደ ድሮ ስሙ መለሰው። አሮጌ መጽሐፍ ወርውሮ አዲስ የገዛ ሰው በዚህ መሐል ለአንድ ቀንድ አውጣ ስንቴ እንደከፈለ አስቡት። ከኩዊንስላንድ የሪፍ ዓሦች መካከል ደግሞ በሳይንስ መጀመሪያ የተመዘገቡት ከቀይ ባሕር የሆኑ ብዙ ናቸው። በ1763 የመን ውስጥ የሞተው ተመራማሪ ፎርስኮል መዝግቧቸው ጓደኛው ኒቡር በ1775 ያሳተመለት፣ ኋላም እስከ ጎንደር የዘለቀው ጀርመናዊው ሩፔል የጨመረባቸው። የአውስትራሊያ መጽሐፍ ገልጬ ከዓሣው ጎን እነዚህን ስሞች ሳይ ወዳጄን እጠራዋለሁ፤ ያኔ ብቻ ትንሽ ይለሰልሳል።

እነዚህ መጻሕፍት ኃጢአት የለባቸውም አልልም። ዛጎል ያስተማሩት ሕዝብ ዛጎል ሊለቅም ወጣ። ጀርባው ሁሉ እሾህ የሆነው ኮራል በላው ኮከብ ዓሣ ከ1962 ጀምሮ ግሪን ደሴት አካባቢ እንደ አንበጣ ሲፈላ፣ አዳኙ የሆነው ግዙፉ ትሪቶን ቀንድ አውጣ ለጌጥ ስለተለቀመ ነው ያሉ ነበሩ። ምክንያቱ ይህ ብቻ እንዳልሆነ ኋላ ታውቋል፤ ከእርሻ ወደ ባሕር የሚወርደው ማዳበሪያም ይጠረጠራል። ቢሆንም ቆንጆ የቀለም ሥዕል ሰውን ቅርጫት አስይዞ እንደሚያስወጣ ማንም አይክደውም።

የእኔ የጆይስ አለን ቅጂ ከዚያ ቅርጫት ጊዜ የተረፈ ነው። ከሽፋኑ በላይ የሚለበሰው ወረቀት የለውም፤ ለዚህ ነው ለመግዛት የደፈርኩት። ጀርባው ተገንጥሎ በሐኪም ፕላስተር ተጠግኗል። ገጾቹ መሐል አሸዋ አለ፤ ባራገፍኩት ቁጥር ይወጣል። የቀድሞው ባለቤት በእርሳስ፣ በየሥዕሉ ጎን፣ ቦታና ወር ይጽፋል፦ «ፍሊንደርስ፣ ጥር፣ ብዙ»፣ «ፍሊንደርስ፣ ሚያዝያ፣ ባዶ ቅርፊት»። ከአንድ ሥዕል ጎን «ብዙ» የሚለው ተሰርዞ በሌላ እርሳስ «ጥቂት» ተብሏል። እጁ ያው ነው፤ ፊደሉ ግን መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

እኔም ወደ ፍሊንደርስ የባሕር ዳርቻ ስሄድ ይህን ቅጂ ይዤ እሄዳለሁ። አልለቅምም፤ ያየሁትን ከእርሱ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ በአማርኛ እጽፋለሁ። አንድ ሻጭ ይህን አይቶ «ዋጋውን እያበላሸኸው ነው» አለኝ፤ የሙያ ምክር ነውና አመሰገንኩት። እግረ መንገዴንም የሄይል ሁለተኛው ክፍል መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። አልመጣም።