የባቄላ ንጉሥ

“ጾም ለባላገር ነው፤ ለተማሪ መጽሐፉ ይበቃዋል” እያልኩ በዶርም ውስጥ ስንቱን ክርክር እንደረታሁ ጓደኞቼ ይመሰክራሉ። ታዲያ ይኸው ቃሌ አንድ ቀን በሳህን ላይ ቀርቦ “በል እንግዲህ!” ሲለኝ የሆንኩትን ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን ላሊበላ ነው። እናቴ ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች ካለችው መንደራችን እንደ ልማዷ በእግሯ መጥታ፣ በሶዋንና ቆሎዋን ቋጥራ፣ ከምእመናኑ ጋር አርፋለች። እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ ከተማውን ስዞር፣ ካንዲት የቆርቆሮ ሱቅ በር ላይ “የፈረንሳይ ኬክ” የሚል የካርቶን ጽሑፍ አየሁ። ጠጋ ብል፣ ለካስ ባለቤቱ አብሮ አደጌ ነው!

ልጁ ድሮ እዚሁ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ፈረንጁ ቀረ፤ እንጀራውም አብሮ ቀረ። አዲስ አበባ ሄዶ ኬክ መጋገር ተማረ። አሁን ለዐሥር ቀን ብቻ ክፍል ተከራይቶ፣ የሰፈሩን ዳቦ ቤት ምድጃ በሌሊት እየተዋሰ፣ የገናን እንግዳ ሊያስተናግድ መጥቷል። እንግዳው ግን እንደ ድሮው አይደለም።

የጋገረው ፈረንሳዮች በጃንዋሪ 6 በዓላቸው ሰሞን የሚበሉትን “ጋሌት ደ ሯ” ነው፤ የነገሥታት ኬክ ማለት ነው። ቅቤ በሊጥ ተጠቅልሎ ይዳመጣል፣ ይታጠፋል፣ በብርድ ያርፋል፤ እንደገና ይዳመጣል፣ ይታጠፋል፤ እንዲህ እስከ ስድስት ጊዜ። ቅቤው ከቀለጠ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። “የላስታ ብርድ ፍሪጅ ሆነኝ፤ መብራት ቢጠፋም አልሰጋ” አለኝ እየሳቀ። መሐሉ አልመንድ ሊሞላ ሲገባው እሱ ኦቾሎኒ ፈጭቶ ሞልቶታል። ውስጡ አንዲት ባቄላ ትደበቃለች፤ ባቄላዋ የደረሰችው ሰው የወረቀት ዘውድ ደፍቶ የዕለቱ ንጉሥ ይሆናል። ዛሬ ፈረንሳዮቹ የሚደብቁት ትንሽ የሸክላ ምስል ነው፤ ስሟ ግን አሁንም “ፌቭ”፣ ባቄላ ነው። ወዳጄ እውነተኛይቱን የላስታ ባቄላ ከቷታል።

መቸም ቀኑን ገምቱ፤ ታኅሣሥ 28! ለነሱ የኬኩ ቀን፣ ለኛ የጾሙ አርባ አራተኛ ቀን፣ ገሀድ።

“አንተ ተማሪ ነህ፤ አትጾምም አሉ። እስቲ ቅመስና ንገረኝ። እኔ አልቀመስኩትም፤ ሁሉንም በአፍንጫዬ እየገመትኩ ነው የሠራሁት” አለኝ።

እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ አገር ቤት ከገባሁ ወዲህ እናቴን አፍሬ እየጾምኩ ነበር። ይህን ግን እንዴት ልበለው? ቀመስኩ።

ይጣፍጣል። ላዩ ጥርስ ገና ሲነካው ይፈረካከሳል፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። የተቆረጠበትን ጎን ሳየው ተደራርቧል፤ ዋሻው ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ግድግዳ አስታወሰኝ፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የነጣ ድንጋይ። ይህን እያሰብኩ ሁለተኛውን ስጎርስ ጥርሴ ጠንካራ ነገር ነካ። ባቄላዋ!

የካርቶን ዘውድ ደፋልኝ። በር ላይ የቆሙት ሕፃናት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን አልዘለቀም። ይምርሐነ ክርስቶስ ንጉሥም ካህንም ነበር፤ ሲቀድስ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይመጣለት ነበር ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ይህንኑ ጽፏል፤ ንጉሡ ከሕዝቡ ግብር አይቀበልም ነበር ሲሉ መስማቱንም ጨምሯል። ያ ከሰው ሳይወስድ ነገሠ። እኔ ጋጋሪው ያልቀመሰውን በልቼ ነገሥኩ።

ያሳፈረኝ ቅቤው አይደለም። መጾምም አለመጾምም የየሰው ጉዳይ ነው፤ ዛሬም እከራከርበታለሁ። ግን ያ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ቅቤ ሲያጥፍ አድሮ ጣቱን እንኳ አልላሰም፤ የሚያደርገውን ያውቃል። እኔ ስጾም ለእናቴ፣ ስበላ ለወሬዬ። ለራሴ ያደረግሁት የቱን ነው?

በማግስቱ ጧት፣ ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከገደሉ አፋፍና ከታች ሆነው “ቤዛ ኩሉ” ዘምረው ሕዝቡ ሲበተን፣ አንድ ቁራጭ ገዝቼ ለእናቴ ወሰድኩላት።

“እማየ፣ እኔ ትናንት በላሁት” አልኳት።

ዝም ብላ አላመጠች። “ጥሩ ነው፤ ቅቤው ግን አልተነጠረም” አለች። ቀጥላም፣ “ጋጋሪው ልጅስ ቀመሰ?”

አልጠየቅሁትም ነበር። ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና ተመልሼ ሄድኩ። ሁሉም ተሸጦ፣ ለራሱ ሳያስቀር፣ የዱቄት ከረጢቱ ላይ ተቀምጧል። ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ፣ አላመጠና፣

“ጨው አንሶታል!” አለኝ። “ትናንት ለምን አልነገርከኝም?”