ነጠብጣብ የሌለበት ሥዕል

አንባቢ ሆይ፤ በእጅህ ካለው መጽሔት አንዱን ሥዕል በአጉሊ መነጽር ተመልከት። መነጽር ከሌለህ ከሰፈርህ ሰዓት ሠሪ ለአንድ ደቂቃ ተዋስ። ጉንጭ የመሰለህ ጉንጭ፣ ሰማይ የመሰለህ ሰማይ ሁሉ ተበታትኖ ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ታገኘዋለህ። በማተሚያ መኪና የወጣ ሥዕል ጠባዩ ይህ ነው። በሠዓሊ እጅ የተሣለው ግን እንዲህ ያለ ነጠብጣብ የለበትም። እኔ ይህን ሁለት ሳንቲም የማያወጣ ዕውቀት የገዛሁት በ1,200 ዶላር ነውና ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ ነው። ብዙ ያገራችን ሰው የሚኖርባት፣ ብርዷ ግን ምሕረት የማያውቅ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ በ1896 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) ብራውን ኤንድ ቢግሎ የሚባል የካላንደር አሳታሚ ኩባንያ ተቋቋመ። ባለጋራዡም ሆነ ጐማ ሻጩ ስሙን አሳትሞ ለደንበኞቹ በነጻ የሚያድለው ካላንደር ከዚህ ቤት ይወጣ ነበር። ከነዚህም መካከል ብዙ ፈላጊ የነበራቸው የቆነጃጅት ሥዕል ያለባቸው ናቸው። ፈረንጆቹ ‹‹ፒን-አፕ›› ይሏቸዋል፤ በግድግዳ ላይ በስፒል የሚሰካ ማለታቸው ነው።

በዚህ ሙያ ከታወቁት ሁሉ ስሙ የገነነው ጊል ኤልቭግረን የተወለደው በዚችው በሴንት ፖል በ1914 ነው። ከ1945 ገደማ ጀምሮ ለብራውን ኤንድ ቢግሎ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሠራ። ልጃገረዷን አቁሞ ፎቶግራፍ ያነሣትና ከዚያ በኋላ ቁመቱ 76፣ ወርዱ 61 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም ይሥላታል። እውነቱን ለመናገር፣ የሰውየው እጅ የሚያስቀና ነው፤ የሚሥለው ገላ ከውስጡ መብራት የበራበት ይመስላል። ዳሩ ግን ቀልዱ አንድ ብቻ ነው። ቀሚሷ በበር ተይዞ፣ ወይም ውሻዋ በገመዱ እግሯን ጠምጥሞ፣ ወይም ነፋስ ገልቧት፣ ልጅቱ ሁልጊዜ ‹‹ውይ!›› እንዳለች ናት። አሥሩን ካየህ በኋላ በአሥራ አንደኛው ላይ ታዛጋለህ። ከርሱ ይልቅ እኔን የምታስገርመኝ ዞዊ ሞዘርት የምትባለው ሠዓሊት ናት። እርሷ ብዙ ጊዜ መስተዋት ፊት ቆማ የሣለችው የራሷን መልክ ነው፤ ሥዕል ተሣዪዋም ሠዓሊዋም አንድ ሰው ስትሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ታዲያ እነዚህ ሥዕሎች ካላንደሩ ከታተመ በኋላ የት ገቡ? የኔ ሱስ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ለአሳታሚው ሥዕሉ ማለት የጡብ መሥሪያ ሣጥን ማለት ነበር። ጡቡ ከወጣ ወዲያ ሣጥኑን ማን ክፈፍ ገዝቶ ይሰቅለዋል? ‹‹ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት››ን የመሰሉት ታላላቅ ሳምንታዊ መጽሔቶችም የሚያወጡት ሥዕል ዕጣው ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር። አንዳንዱ በምድር ቤት አቧራ ሲለብስ ኖረ፤ አንዳንዱ ለጠየቀ ሁሉ ታደለ፤ አንዳንዱም ከቆሻሻ ጋር ወጣ። ለ‹‹ፖስት›› ከ300 በላይ ሽፋን የሣለው ሌየንዴከር በ1951 ሲሞት ቤቱ የቀሩት ሥዕሎች ግቢው ውስጥ እንደ አሮጌ ወንበር በርካሽ ዋጋ ተሸጡ። በ2021 ከርሱ ሥዕሎች አንዱ በሐራጅ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። የኖርማን ሮክዌል አንድ የ1951 የሽፋን ሥዕል ደግሞ በ2013 በ46 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ‹‹የመጽሔት ሥዕል ሥዕል አይደለም›› ይሉ የነበሩት ዐዋቂዎች ያን ቀን ምን እንዳሉ ብሰማ ደስ ባለኝ።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ ስለ አልቤርቶ ቫርጋስም ልንገርህ። ከፔሩ የመጣ ሰው ነው፤ ከ1940 ጀምሮ በ‹‹ኤስኳየር›› መጽሔት ላይ የሣላቸው ልጃገረዶች በጦርነቱ ጊዜ ወታደሩ ሁሉ በሣጥኑ ክዳን ላይ የሚለጥፋቸው ሆኑ። በ1944 የፈረመው ውል ግን ሥዕሎቹን ብቻ ሳይሆን መጽሔቱ ‹‹ቫርጋ›› ብሎ ያሳጠረውን ስሙን ጭምር ለዘለዓለም ለመጽሔቱ የሚያስረክብ ነበር። ቢከስም ተረታ። ተማሪ ሆነህ ነገ የሥራ ውል የምትፈርም ከሆንክ ይህን ሰው አስታውሰው።

እንግዲህ ወደ ኪሳራዬ ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ቀን የሟች ቤት ዕቃ ወደሚሸጥበት ቤት ገባሁ። ከመጋረጃና ከድስት መካከል ኤልቭግረን የሣላት የምትመስል አንዲት ቆንጆ ከነክፈፏ ተደግፋ ቆማለች። ላዩ ላይ የብሩሽ ጭረት የሚመስል ነገር አለ፤ በጣቴ ብዳስሰው ሻከረኝ። ሻጩ ‹‹ከኩባንያው ሠራተኛ እጅ የወጣ፣ ራሱ የመጀመሪያው ሥዕል ነው›› አለኝ። አሥር ሺሕ የሚያወጣ ነገር በ1,200 አገኘሁ ብዬ ልቤ ዘለለ። በባንክ የነበረኝ ገንዘብ ለእናቴ የአውሮፕላን ቲኬት ያጠራቀምኩት ነበር። ‹‹ሸጬ በሦስት እጥፍ እመልሰዋለሁ›› አልኩና ከፈልኩ።

በሦስተኛው ቀን መነጽሩን አምጥቶ ያሳየኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከከንፈሯ እስከ ጫማዋ ነጠብጣብ ብቻ! የታተመ ወረቀት በሸራ ላይ ተለጥፎ፣ የብሩሽ ጭረት እንዲመስል ወፍራም ቫርኒሽ ተቀብቶበት ኖሯል። ወደ ቤቱ ብመለስ በሩ ተዘግቷል። ለእናቴ ‹‹ቪዛው ዘግይቷል›› ብዬ ዋሸኋት። አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ‹‹ቪዛው እንዴት ሆነ?›› እያለች ስትጠይቀኝ ኖረች።

መታለል የሞኝ ዕጣ ብቻ እንዳይመስልህ። ሮክዌል በ1954 ለ‹‹ፖስት›› የሣለው አንድ ሽፋን አለ፤ የገበሬ ልጅ ለትምህርት ከቤቱ ሲሰናበት ያሳያል። ልጁ አዲስ ልብስ ለብሶ ዓይኑን ወደ ሩቅ ልኳል፤ አባትየው ጐብጦ ባርኔጣ እንደ ያዘ ወደ ሌላ ይመለከታል፤ ውሻው አገጩን በልጁ ጉልበት ላይ አስደግፏል። ከገጠር ለትምህርት የወጣህ ከሆንክ ማብራሪያ አያሻህም። ይህን ሥዕል ዶን ትራክቲ የሚባል የካርቱን ሠዓሊ በ1960 በ900 ዶላር ገዛው። ኋላም ከሚስቱ ጋር ሲፋታ በድብቅ አስመስሎ ሣለና ቅጂውን ሰቅሎ እውነተኛውን ከግድግዳው በስተጀርባ ሸሸገው። ቅጂው በሮክዌል ስም በተሠራው ሙዚየም ሳይቀር ለሕዝብ ታየ። የልጁ ፊት በመጽሔቱ ላይ ከታተመው ጋር አለመመሳሰሉን ያስተዋሉ ነበሩ፤ ‹‹ሲጸዳ ተበላሽቶ ይሆናል›› ተብሎ ታለፈ። ትራክቲ በ2005 ሞተ። በተከታዩ ዓመት ልጆቹ በግድግዳው እንጨት ላይ ስንጥቅ አይተው ቢያላቅቁት እውነተኛው ሥዕል ከነክብሩ ወጣ። በዚያው ዓመት 15.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ልብ በል፤ ጥርጣሬውን ያስነሣው ያ ርካሽ፣ ነጠብጣብ የሞላበት የመጽሔት ሽፋን ነው።

ከዚህ በኋላ አካሄዴን ለወጥኩ። አሁን መጀመሪያ የምገዛው የታተመውን ገጽ ነው፤ ከአሮጌ መጽሔት ሻጭ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ስሄድ ዓይኔ ፊት ለፊቱን ትቶ ጠርዙንና ጀርባውን ይፈልጋል። የአሳታሚው ማኅተም፣ የመቁረጫ መስመር፣ የእርሳስ ጽሕፈት፣ ሠዓሊው የሳተውን የሸፈነበት ነጭ ቀለም፤ እነዚህ ሁሉ በታተመው ላይ እንዳይታዩ ተደርገው የቀሩ ናቸው። በውሃ ቀለም የተሠራ ከሆነ ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አርቀው፤ ይነጣል። ደግሞም ሥዕሉን ገዛህ ማለት የማሳተም መብቱን ገዛህ ማለት አይደለም።

በዚህ መንገድ ያገኘሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ሥዕል ቆንጆም ሚሊዮንም የለበትም። በጥቁርና በነጭ የተሣለ፣ የሠዓሊው ስም የሌለበት፣ በአንድ አሮጌ መጽሔት ልብ ወለድ መካከል የወጣ ነው፤ አንድ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ደብዳቤ ያነባል። 140 ዶላር ከፈልኩበት። በጠርዙ ላይ በእርሳስ ‹‹ቀኝ እጁ ከፍ ይበል›› የሚል ትእዛዝ አለ። የቢሮ ሰው ከሆንክ እንዲህ ያለ የአለቃ ጽሕፈት እንግዳ አይሆንብህም። ወደ እጁ ስትመለከት ደግሞ የቀድሞው ዝቅ ያለ እጅ በነጭ ቀለም ተሸፍኖ፣ አዲሱ ከፍ ብሎ ተሥሏል። ስሙን የማላውቀው ሰው አንድ ቀን እያጉረመረመ ይሁን ደስ ብሎት፣ ብቻ የታዘዘውን አርሟል። እኔም ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ያን ነጭ ቀለም ነው።

እናቴ በሁለተኛው ዓመት በጥር ወር መጣች። ከመምጣቷ በፊት በመተላለፊያው ላይ የሰቀልኳትን የ1,200 ዶላር ቆንጆ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኳት። እናቴ ግን በሁለተኛው ቀን ‹‹ይህ ምንድን ነው?›› ብላ ገልብጣ አየችው። ዝም ብላ ብዙ ቆየችና ‹‹ልጄ፣ ይህች ልጅ በዚህ አገር ብርድ ዘመድ የላትም?›› አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያውም አፈርኩና የቪዛውን ነገር፣ የሻጩን ነገር፣ የነጠብጣቡን ነገር ሁሉ ነገርኳት።

‹‹ለካ ቲኬቴን ነው የሰቀልከው›› አለች።

ከዚያ ወዲያ ስለዚያ አልተናገረችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሥዕሉ ላይ ጣል አደረገችበት። ወደ አገሯ እስክትመለስ ድረስ ስድስት ወር ያህል ልጅቱ ነጠላ ለብሳ ከረመች።