ሃንጋር በጀርመን፣ ሜዳ በኢሉባቦር፦ የጦርነት ዘመንን በሞዴል ስንሠራ

በጀርመን የአውሮፕላን ሞዴል መሥራት የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ መምህርና የባቡር ሠራተኛ ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ ከብበው በ1 ለ72 ስኬል ስለተሠራች አንዲት የጦርነት ዘመን አውሮፕላን ይከራከራሉ። ክርክራቸው ከኋላዋ ስለሚቆመው ሃንጋር፣ ማለትም ስለ አውሮፕላን ማደሪያው፣ ጭምር ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ የት ነበር? መስኮቱ ስንት ነበር? ጣሪያው ምን ቀለም ተቀብቶ ነበር? እኔ የኢሉባቦሯ ኡካ ልጅ ነኝ። ይህን ጥንቃቄ ከእነሱ የቀሰምኩ ሲሆን፣ ለአገሬ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ማካፈል እፈልጋለሁ።

አውሮፕላኗ ክፍሎቿ በካርቶን ታሽገው ትሸጣለች። ሃንጋሩን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሠሪው ራሱ ከእንጨት፣ ከካርቶንና ከፕላስቲክ ያቆመዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማጥናት አለበት። የጀርመን አየር ኃይል መኖሩ በይፋ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በእነዚያ ዓመታት በርካታ የአየር ማረፊያዎች ከነትልልቅ ሃንጋሮቻቸው በችኮላ ተገነቡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲከፋ ግን ትልልቆቹ ሃንጋሮች የቦምብ ዒላማ ሆኑ፤ አውሮፕላኖቹም ወደ ጫካ ጥግ ተበትነው በአፈር ክትር መካከልና በመረብ ሥር ተደበቁ። እ.ኤ.አ. የ1939 አውሮፕላን በሃንጋር በር ላይ ብትቆም ያምርባታል፤ የ1944ቷን እዚያው ያቆመ ሰው ግን ወዲያው ጥያቄ ይነሣበታል።

ለሞዴል ሠሪ ከሁሉ የሚከብደው የጁንከርስ ኩባንያ ሃንጋር ነው። ጣሪያው ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው አጫጭር የብረት ክፍሎች በብሎን ተያይዘው እንደ መረብ የተሠሩበት ቅስት ነው፤ መካከሉ ላይ ምሰሶ የለውም። ኩባንያው ለእኛም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 አዲስ አበባ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ የፈረንሳዩ ፖቴዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጁንከርስ ሥሪት ነበር።

ጥናቱ የሚሠራበት መንገድ ግልጽ ነው። ፍራይቡርግ የሚገኘው የፌዴራሉ መዝገብ ቤት ወታደራዊ ክፍል ሰነዶችን ይዟል። ኤድንብራ ያለው የአየር ፎቶግራፍ ክምችት ደግሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቃኚ አውሮፕላኖች ያነሷቸውን ምስሎች ያኖራል። ንድፉ ካልተገኘ በፎቶግራፍ ይለካል። ጁንከርስ 52 የተባለችው የማመላለሻ አውሮፕላን የክንፍ ስፋቷ 29.25 ሜትር ነው፤ በሃንጋሩ በር ላይ ቆማ ከታየች የበሩ ስፋት በእሷ ይሰላል። የሕንፃው ቁመት ደግሞ በዚያው ፎቶግራፍ ላይ ካለ ቁመቱ ከሚታወቅ ሌላ ነገር ጥላ ጋር ተነጻጽሮ ይገኛል። በዚህ ዓይነት ትዕግሥት የተሠራ ሥራ ክብር ይገባዋል።

ነገር ግን ወረቀቱ የማይናገረው አለ። በርሊን ቴምፕልሆፍ የሚገኘው ግዙፍ የአየር ማረፊያ ሕንፃ ሥዕሉም መጠኑም የታወቀ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በውስጡ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ከገጣጠሙት ብዙዎቹ ከተያዙ አገሮች በግዳጅ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። የሕንፃው ንድፍ ስለ እነሱ አንዲት ቃል የለውም። በሩን እስከ ሴንቲ ሜትር የለካ ሰው በዚያ በር ማን ይገባና ይወጣ እንደነበር ካልጠየቀ ሥራው ጎደሎ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ኡካም መቱም ያደገ ልጅ ሞዴል መሥራትን ያውቃል። ከጭቃ በሬ፣ ከሽቦ መኪና፣ ከበቆሎ አገዳ አውሮፕላን ሠርቷል፤ ጎማውም ቆርኪ ነበር። በእጅ ጥበብ አናንስም። እኛ ጋ የጎደለው እጃችን የሚያውቀውን ሥራ ከታሪካችን ጋር የሚያገናኝ ልማድ ነው። ታሪኩ ደግሞ ደጃችን ላይ አለ።

በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ዞረ፤ ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው እዚያ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ወለጋ ውስጥ ነቀምት አጠገብ ቦነያ ሜዳ ላይ አረፉ። የመጡት የምዕራቡን ባላባቶች በማግባባት አገሩን ሊይዙ ነበር። ከተጓዦቹ መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮና እ.ኤ.አ. በ1918 ቪየና ላይ በራሪ ወረቀት ከበተኑት አብራሪዎች አንዱ የሆነው ሎካቴሊ ይገኙ ነበር። ሰኔ 19 ለ20 ሌሊት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች በእነ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ መሪነት ደረሱባቸው። 3 አውሮፕላኖች ተቃጠሉ፤ ጄኔራሉና ሎካቴሊም ተገደሉ። ካዴቶቹ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራው የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ነበሩ።

የዚህን ሌሊት ዲዮራማ (ቦታውንና ድርጊቱን አንድ ላይ የሚያሳይ ሞዴል) ለመሥራት ሃንጋር አያስፈልግም። አውሮፕላኖቹ ያደሩት ሜዳ ላይ ነው፤ ጥቃቱ የተሳካበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። አውሮፕላኑን መሥራት ቀላል ነው፤ ከአረፉት መካከል የነበረው ካፕሮኒ 133 የክንፍ ስፋቱ 21.24 ሜትር ስለሆነ በ1 ለ72 ስኬል 29.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን የጻፈ መጽሐፍ ሞልቷል። የሚከብደው ሜዳው ነው። ካዴቶቹ በየትኛው በኩል መጡ? ጫካው ምን ያህል ይቀርብ ነበር? የሰኔ ሣር ምን ያህል ቁመት ነበረው? መልሱ ያለው በፍራይቡርግ ሳይሆን በአካባቢው ሰው አፍና በመሬቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥናታችን ከጀርመኖቹ በተቃራኒ መጀመር አለበት። እነሱ ብዙው ሕንፃ ፈርሶባቸው ወረቀቱ ቀርቶላቸዋል። እኛ ወረቀቱ ቢሳሳብንም መሬቱና ወሬውን ከአባቱ የሰማው ሰው አሉን። ሽማግሌ ርቀትን የሚናገረው «ከዚህ ዋርካ እስከዚያ ወንዝ» እያለ ነው፤ ዋርካውና ወንዙ ካሉ ይህ ንግግር በሜትር ይለካል። ቤት ቁጭ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ከሽማግሌው ጋር ወደ ቦታው ሄዶ መራመድ፣ የሚነግሩትን መቅዳት፣ ከዚያ መለካት ይበልጣል። የሁለት ሰው ቃል ሲለያይ ሁለቱንም መጻፍ ነው። ጀርመኖቹ አንዱን ፎቶግራፍ በሌላው እንደሚፈትሹ እኛም አንዱን ቃል በሌላው እንፈትሽ።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። በ1928 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው 100 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን አሁንም በእጃችን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ 3 አውሮፕላኖች ጎሬ ሣር ሜዳ ላይ ሲያርፉ ያዩ፣ የተሳፈሩባቸውም አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ተሳፋሪው የት ይጠብቅ ነበር? ሜዳውን ከብት እንዳይገባበት ማን ይጠብቀው ነበር? መጠለያው ቆርቆሮ ነበር ወይስ ሣር ክዳን? ይህን ዛሬ ካልጠየቅን ነገ መልስ አናገኝም።

ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት «ፀሐይ» አውሮፕላን ኢጣሊያ ውስጥ ሙዚየም ገብታ ስለተጠበቀች በ2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። የተጠበቀ ነገር ይመለሳል። ማንም ያልመዘገበውን ሜዳና ማንም ያልቀዳውን ቃል ግን ከየትኛውም አገር ማስመለስ አይቻልም።

ከውጭ ለዕረፍት ወደ መቱ፣ ጎሬ፣ በደሌ ወይም ኡካ የምትሄዱ ወገኖቼ፦ ከሻንጣችሁ ውስጥ አንድ ሜትርና ደብተር ይግባ፤ መቅጃውማ በስልካችሁ አለ። የሰፈራችሁን አዛውንት ኦቦና አዴ አስፈቅዳችሁ ጠይቁ፣ ቦታው ድረስ አብራችሁ ሂዱ፣ ለኩ፣ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለአካባቢው ትምህርት ቤት ስጡ። ሞዴሉን የሚሠሩ ልጆች እዚያው አሉ፤ እኛ ልኩን እናድርስላቸው።