አራት ክር ለደከመ ጆሮ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። የእኔ ጆሮ ባዳነት ግን ከተረቱም የባሰ ነው፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ብቻውን ይጮኻል። ለንደን ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ በፓንክ ባንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ስጫወት ኖሬ ያተረፍኩት ይህን ነው።

ፓንክን ለማታውቁት፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክና ለንደን ላይ የገነነ፣ አጭር፣ ፈጣንና ጩኸት የበዛበት የሮክ ዓይነት ነው። ሦስት ኮርድ የቻለ ሁሉ መድረክ ይወጣበታል። ድምፅ ማጉያው ደረቴን ሲያንቀጠቅጠው ደስ ይለኝ ነበር፤ በሰው አገር እኔም መኖሬን የሚናገርልኝ እሱ ይመስለኝ ነበር።

የጆሮ ሐኪሟ ነገሩን በአጭሩ አስረዳችኝ። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። 85 ዴሲቤል ድምፅ ስምንት ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል በየቀኑ ቢሰሙት ለጉዳት ይበቃል። የእኛ ልምምድ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ባለቤቴ «ሙዚቃውን ተወው» አላለችኝም። «ልጅህ አንድ ነገር ልትጠይቅህ ሦስት ጊዜ መድገም አለባት» አለችኝ እንጂ።

ጊታሩን ልሰቅለው ስል የሰፈራችን የዩኩሌሌ ባንድ አንድ ተጫዋች ጎደለው። በየሰርጉና በየበጎ አድራጎት ዝግጅቱ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን የቆዩ ዘፈኖች ይጫወታሉ። ዩኩሌሌ ደረት ላይ የምትታቀፍ፣ አራት የናይለን ክር ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት። እሷም የስደተኛ ልጅ ናት፤ በ1879 ከፖርቱጋሏ ማዴራ ደሴት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ወደ ሃዋይ የተሻገሩ ሰዎች ይዘውት ከሄዱት ትንሽ ጊታር ነው የተወለደችው። ፓንክም አያፍርባትም። የክላሽ ባንዱ ጆ ስትራመር ስሙ ከመግነኑ በፊት በለንደን የምድር ባቡር ጣቢያዎች ለመንገደኛ የተጫወተው በእሷ ነው።

ጣቶቼ ወዲያው ለመዱ፤ ጊታር ላይ ዲ ኮርድን የሚሰጠው አያያዝ እሷ ላይ ጂን ይሰጣል። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። በተለመደው አቃኛኘቷ ከላይ ያለው ክር እንደ ጊታር ጎርናና ሳይሆን ቀጭን ነው፤ እጄ የለመደውን ወፍራም ድምፅ ፈልጎ ያጣዋል። ጣት ሲስት የሚሸፍን ጩኸትም የለም። አጠገቤ ያሉት ምን እንደሚጫወቱ ካልሰማሁ መንገዱ ይጠፋኛል። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ የባንድ ጓደኞቼን እንዲህ አጥርቼ ሰምቻቸው አላውቅም።

የጆሮዬ ጩኸት አልተወኝም። ልምምዴ ግን ከምድር ቤት ወደ ሳሎን ወጥቷል። ልጄ አጠገቤ የቤት ሥራዋን እየሠራች የምታውቀው ዘፈን ሲመጣ ትቀበለኛለች። ፈጣን ምት ላይ ስደርስም እጄ ያው የፓንክ እጅ ነው።

እቤታችሁ ጊታር ወይም ድራም የሚማር ልጅ ካለ አታስቁሙት። ከመሣሪያው ጋር የጆሮ መድፈኛም ግዙለት።